የመገጭ ውሃ

ወንድም ጋሼ ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ከአሜሪካ ሲመጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ከስጦታው ሥር አንድ ወፍራም ፎልደር ነበር። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልነው። ቤት ገባን፣ እማዬ አለቀሰች፣ ተበላ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ፎልደሩን አወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

«እስቲ ይቺን እይልኝ። አንቺ ከዚህ ጋር ነው የምትውይ።»

የ14 ዓመት የሆድ ታሪክ ነው። ጨጓራን በካሜራ የሚያዩበትን ኢንዶስኮፒ ሁለት ጊዜ ተነስቷል። የጨጓራ ባክቴሪያ ሦስት ጊዜ ተመርምሯል፤ አንዴ ተገኝቶበት ታክሟል። ወተት አቁም፣ ስንዴ አቁም ተብሏል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እንደ ቁርስ ለምዶታል። ሆዱን ይነፋዋል፣ ወገቡና መቀመጫው አካባቢ ያሳክከዋል፣ ብርድ ሲገባ ያስለዋል። ይሄ በየዓመቱ በሌላ ሐኪም እጅ እንደ አዲስ ተጽፏል። የመጨረሻው ወረቀት ሳሉን አስም ይለዋል። ከሱ ጋር የፕሬድኒሶሎን ማዘዣ ተያይዟል። ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው።

«ጀምረኸዋል?» አልኩት።

«የለም፣ ከጥምቀት ስመለስ ብዬ ነው።»

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ጎንደር ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ማጎንበስ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ወረቀቱን አንድ በአንድ ገለጥኩት። የደም ምርመራው ላይ ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል በየዓመቱ ከፍ ብሏል። 11 በመቶ፣ 14 በመቶ፣ 12 በመቶ። በጤናው ሰው ላይ ከ5 በመቶ ብዙም አያልፍም። ማሽኑ ራሱ በየጊዜው ከቁጥሩ ጎን ኮከብ አድርጎበታል። ኢዮሲኖፊል በአለርጂም ይጨምራል። ሰውነት ውስጥ ትል ሲኖርም ይጨምራል። ኮከቡን አይቶ «ይሄ ሰው የት ነው ያደገው?» ያለ ግን አልነበረም።

የሰገራ ምርመራ በ14 ዓመት አንድ ጊዜ ታዟል። ውጤቱ ላይ «ናሙና አልደረሰም» ይላል።

«ይሄ ምንድነው?»

አንገቱን ደፋ። «ዕቃ ሰጡኝ። ቤት ሄደህ ይዘህ ና አሉኝ። ሥራ ቦታዬ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ነው። ያን ተሸክሜ ከሰው ጋር ልቀመጥ? አፍሬ ጣልኩት።»

ለምን እንደሚፈለግ ያስረዳው አልነበረም። እሱም አልጠየቀም። በአማርኛ ያደገ ሰው ስለ ሰገራ ለሐኪም ማውራት ይከብደዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ በስልክ አስተርጓሚ ነበር የሚታከመው። «ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ይላወሳል» ሲል አስተርጓሚው «ሆዱን ያመዋል» ብሎ አሳጠረው። ሐኪሙ የሰማው ይቺን ብቻ ነው።

እኛም ብንሆን ለሆድ ያለን ስም ጥቂት ነው። ቃር ቢሆን፣ መነፋት ቢሆን፣ ቁርጠት ቢሆን «ጨጓራዬ ነው» እንላለን። ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» እንላለን፤ የትሉን ስም ጠርተን የምንናገረው ስለ ምሳ ነው። የማይነገረውን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፋለን። ሰው በዚህ ቋንቋ አድጎ ሌላ አገር ሲሄድ ጨጓራን ይዞ ነው የሚሄድ። እዚያም ጨጓራውን ያክሙለታል።

ከሁሉም ስሙ የሚጠራው የኮሶ ትል ነው፤ ቁራጩ ስለሚታይ። ጎንደር የታየውን ትል ማከም የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ሰው ኮሶ እየጠጣ ሲሽር አይቷል። የሚታየው ትል መድኃኒት ይፈለግለታል። ሰውን ለዓመታት የሚያንከራትተው የማይታየው ነው።

አሁን ስለ ውሃው ልናገር።

እኔና ወንድም ጋሼ ያደግነው ደንቢያ ነው። መገጭ ከጎንደር ተራሮች ወርዶ ወደ ጣና የሚፈስበት ጥቁር አፈር ሜዳ ላይ። እማዬ እንዶድ ወቅጣ ጋቢ ስታጥብ እኛ ከበላይዋ እንዋኝ ነበር። ከድንጋይ ሥር ትናንሽ ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣዎች እየለቀምን እንቆጥራለን። ያቺ ቀንድ አውጣ በቆዳ በኩል ሰው ውስጥ የሚገባው የብልሃርዚያ ትል ማደሪያ መሆኗን ማን ነግሮን! ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ በሚያጥቡበት ቦታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነበር ያን ሁሉ ምርምር የጀመረው። እኛ የመገጭ ልጆች ከእንዶዱ አረፋ ሸሽተን ንጹሕ ወደሚመስለው ውሃ ነበር የምንገባው። ቀንድ አውጣው ያለው እዚያ ነው።

በባዶ እግራችን ሽምብራ ማሳ ውስጥ እንውላለን። ሜዳ ነው የምንጸዳዳው። ጎረቤቱም፣ ከብት ጠባቂውም ሜዳ ነው። ዝናብ ሲመጣ ያ ሁሉ ከጭቃው ጋር ይቀላቀላል። ጭቃውን በእግራችን እናቦካዋለን።

ከዚያ እኔ ጎንደር ላቦራቶሪ ልማር ገባሁ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በደንቢያ ሜዳ ብዙ ሰው በጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ማግስት የቆመው ትምህርት ቤት ነው። ለፓራሲቶሎጂ፣ ማለት ለተውሳኮች ትምህርት፣ ልምምድ ናሙና ሲጠፋ የራሳችሁን አምጡ ተባልን። የራሴን ስላይድ ሳይ አንድ ሞላላ እንቁላል አገኘሁ። ከጎኑ እሾህ አለው። የብልሃርዚያ እንቁላል ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ቁጭ ብሎ። ክፍሉ ሁሉ መጥቶ አየው። መምህራችን ፕራዚኳንቴል አዘዘልኝ። 45 ኪሎ ነበርኩ። በኪሎ 40 ሚሊግራም ሲሰላ ባለ 600 ሦስት ፍሬ ነው። በአንድ ቀን ዋጥኩ። አለቀ።

ወንድም ጋሼ ያኔ ገና አገር ውስጥ ነበር። ዲቪ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ውሃ የዋኘ ሰው ነው። ከእኔ የበለጠ የዋኘ ነው። «አንተም ተመርመር» አላልኩትም። ሦስት ፍሬዬን ዋጥኩና ወደ ፈተናዬ ዞርኩ። የሱን ፎልደር ጭኔ ላይ አድርጌ ያን ቀን አስታወስኩና በጣም ከፋኝ። የሌላ አገር ሐኪም ስለ መገጭ እንዳይጠይቅ መገጭን አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።

በማግስቱ ናሙና ሰጠኝ። ለእኔ መስጠቱም አሳፍሮታል። «እኔ ለምኔ ነኝ?» አልኩት። ተራውን ስላይድ ሠራሁ፤ ጠብታ ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ በስንጥር ጫፍ ትንሽ፣ መሸፈኛ መስታወት። ምንም የለም። ሁለተኛ ቀን፣ ምንም የለም። ሦስተኛ ቀን፣ የብልሃርዚያ እንቁላል የሚቆጠርበትን ካቶ ካትዝ ጨመርኩ። ምንም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። በተራው ስላይድ ላይ የምናየው ሰገራ 2 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሰው በቀን ወደ 200 ግራም ይወጣዋል እንበል። ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ነው የምናየው። ከአንድ ኩንታል ጤፍ አንድ ግራም ቆንጥሮ «እንክርዳድ የለበትም» እንደማለት ነው። ወረቀቱ ላይ «አልታየም» ስንጽፍ አልታየም ማለታችን ነው። ታካሚው የሚያነበው «የለም» ብሎ ነው። ሐኪሙም አንዳንዴ እንደዚያው ያነበዋል።

አገር ከለቀቁ በቆዩ ሰዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ወስፋት አንድ ሁለት ዓመት ኖሮ ይሞታል። መንጠቆ ትልም እንደ ነገሩ ጥቂት ዓመት ነው ዕድሜው። አዲስ ካልገባ በራሱ ያልቃል። 14 ዓመት ሰው ሆድ ውስጥ መቆየት የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። አንዱ ብልሃርዚያ ነው፤ ትሉ ከ30 ዓመት በላይ የኖረበት ሰው ተመዝግቧል። የሚጥለው እንቁላል ግን እያደር ይቀንሳል። ሌላው ስትሮንጂሎይድስ ነው።

ስትሮንጂሎይድስ የአማርኛ ስም የለውም። ቢኖረው ደስ ባለኝ። በባዶ እግር በኩል ከጭቃ ይገባል። በደም ሳንባ ይደርሳል፣ ተስሎ ይዋጣል፣ ቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ያለችው ሴቷ ብቻ ናት። ያለ ወንድ ትራባለች። እንቁላሏ ገና አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል። ከእጮቹ ብዙዎቹ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ጥቂቶቹ ግን ሳይወጡ ያድጉና የአንጀቱን ግድግዳ ወይም የመቀመጫውን ቆዳ በስተው ተመልሰው ይገባሉ። ስለዚህ አዲስ ጭቃ አያስፈልጋቸውም። ሰውየው የራሱ ጭቃ ይሆናል። በረዶ አገር ሄዶ አሥር ዓመት ጫማ ሳያወልቅ ቢኖርም ትሉ ራሱን እየተካ አብሮት ያረጃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስያ ውስጥ ተማርከው የነበሩ ወታደሮች አገራቸው ከገቡ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተገኝቶባቸዋል።

ብዙ ጊዜ ያን ያህል አያምም። ሆድ ይነፋል። ያሳክካል። አንዳንዴ ወገብና መቀመጫ ላይ እየሮጠ የሚሄድ ቀይ መስመር ይወጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ቦታ ይቀይራል። እጮቹ በሳንባ ሲያልፉ ያስላል። መከላከያው የደከመ ዕለት ግን ትሉ ያለ ልክ ይባዛል። በተለይ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው ላይ። እጮቹ የአንጀትን ባክቴሪያ ተሸክመው ሳንባ፣ ደም፣ አንጎል ይደርሳሉ። እዚያ ከደረሰ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ፎልደሩ ውስጥ ያለችው የፕሬድኒሶሎን ማዘዣ እንቅልፍ የነሳችኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቤርማን የሚባለውን ዘዴ ልሠራ ወሰንኩ። በየቀኑ የምንሠራው አይደለም። ጊዜ ይወስዳል፣ ብዙ ሰገራ ይፈልጋል፣ ሐኪምም እምብዛም አያዝዘውም። የላቦራቶሪው ባለቤት «ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሆነ ሥሪ» አሉኝ። አራዳ ገበያ ሄጄ ዘይት ወደ ጠርሙስ የሚገለበጥበትን ዓይነት የፕላስቲክ ፈነል ገዛሁ። እግሩ ላይ የግሉኮስ ቱቦ ሰካሁበት፤ የራሱ መቆለፊያ ስላለው ይመቻል። የሻይ ማጥለያ ላይ ጎዝ በሁለት አጥፌ ዘረጋሁ። የዚያን ቀን ጠዋት የወጣ፣ ፍሪጅ ያልገባ ሰገራ ጎዙ ላይ አደረግሁ። ቅዝቃዜ እጩን ያደነዝዘዋል። ከዚያ እጅ የሚችለው ዓይነት ሞቅ ያለ ውሃ ፈነሉ ውስጥ ሞላሁ፣ ውሃው ሰገራውን ከሥር እስኪነካው ድረስ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። እጩ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል። ወደ ውሃው ይወጣል። ውሃ ውስጥ ግን ወደ ላይ መዋኘት አይችልም። ይሰምጥና ቱቦው ጫፍ ላይ ይጠራቀማል።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት አቆምኩት። መብራት ሁለቴ ጠፋ። በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ውሃው እንዳይበርድ በጀበና ያሞቅሁትን ጨመርኩ። አራት ሰዓት ላይ መቆለፊያውን ከፈትኩ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እንደ ስስ ጠላ ደፍረሰው ወረዱ። ሴንትሪፊውጅ በሚባለው ማሽን አሽከረከርኩት፣ እንዲዘቅጥ። ከሥሩ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ።

መጀመሪያ የማየው ፍርስራሽ ነው። የቃጫ ክር፣ የቃሪያ ልጣጭ። ስላይዱን ገፋ አደረግሁት። ከጥግ በኩል ፍርስራሹ ተንቀሳቀሰ። ሌላ ነገር እየገፋው ነበር። ከዚያ ራሱ መጣ። ሩብ ሚሊሜትር ገደማ የሚሆን፣ እንደ መስታወት የጠራ፣ እንደ ጅራፍ ግራና ቀኝ እየተምዘገዘገ። አዮዲን ጠብ አደረግሁበት፤ ጸጥ አለ። ከፍ ባለው ሌንስ አፉን አየሁት። የመንጠቆ ትል እጭ አፉ ረጅም ነው። የዚህኛው አጭር ነው። ስትሮንጂሎይድስ ነው።

በዚያው ጠብታ ውስጥ ሰባት ቆጠርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ እጭ አይቻለሁ። እጄ እንዲህ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ወንድሜ ነው።

ማታውኑ ደወልኩለት። «ያን ኪኒን እንዳትነካው። ተገኝቷል።» ዝም አለ። ቀጥሎ ያለው ይሄ ነው፦ «ስለዚህ ውሸቴን አልነበረም ማለት ነው?»

14 ዓመት ሙሉ ሰው እንደማያምነው ይሰማው ነበር። ሚስቱ እንኳ «ጭንቀት ነው» ብላው ነበር። እኔ ያልጠበቅሁት ይሄን ነው። ስለ ትሉ እንጂ ስለዚህ አላሰብኩም ነበር።

ሕክምናው አጭር ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሄድን። አይቨርሜክቲን በኪሎ 200 ማይክሮግራም፣ በተከታታይ ሁለት ቀን። እሱ 75 ኪሎ ነው፤ ባለ 3 ሚሊግራሙ በቀን አምስት ፍሬ። እንደ አልቤንዳዞል በየፋርማሲው የሚገኝ አይደለም፤ ሁለት ቀን ፈለግነው። አልቤንዳዞል ለወስፋት ይሁን እንጂ ለዚህኛው ደካማ ነው። ብልሃርዚያውስ? እንቁላል አላገኘሁም። ሐኪሙ ግን «መገጭ ያደገ ሰው ነው፤ ፍለጋው ከመድኃኒቱ ይበልጣል» ብሎ ፕራዚኳንቴል ጨመረለት። እሱም አምስት ፍሬ። ጉበቱን በአልትራሳውንድ አየው፤ ጠባሳ የለም። ብልሃርዚያ ጉበት ላይ ጠባሳ ካበጀ ትሉ ቢሞትም ጠባሳው ይቀራልና ይሄ ትልቅ እረፍት ነበር።

ለአሜሪካው ሐኪሙ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ምን እንዳየሁ፣ በምን ዘዴ፣ ምን እንደወሰደ። ኢዮሲኖፊሉን በሦስትና በስድስት ወር እንዲለኩለት፣ ያ ሳል አስም መሆኑን እንደገና እንዲያዩት ለመንኩ። ወንድም ጋሼ ወረቀቷን ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አልከተታትም። ከፓስፖርቱ ጋር ያዛት።

አንድ ነገር ያናድደኛል፣ ልበለው። በስደተኝነት ተመዝግቦ ወደ አሜሪካ ይሄድ የነበረ ብዙ አፍሪካዊ ከመሳፈሩ በፊት አልቤንዳዞል፣ ፕራዚኳንቴልና አይቨርሜክቲን እንዲወስድ ይደረግ ነበር። ሳይመረመር። ርካሽ ነው፣ ደኅና ነው፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በዲቪ የሚሄደው፣ ለትምህርት የሚሄደው፣ ቤተሰብ የሚጠራው ግን በዚህ ውስጥ የለም። የዲቪውና የቤተሰቡ ሳንባው በራጅ ይታያል፣ ክትባቱ ይጠየቃል። ሆዱን የሚጠይቅ የለም። ሁለቱም ግን አንድ መንደር ያደጉ ሊሆኑ ይችላሉ። በትምህርት ቤት የሚታደለው የትል ኪኒንም ለልጆች ነው፤ ያኔ ትምህርት ቤት ጨርሶ የወጣ ጎልማሳ አይደርሰውም። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ የዲቪ ዕጣ የደረሰው ሰው ሳገኝ ከቪዛው በፊት ወንዙን እጠይቃለሁ። ደንቢያ ነህ? ሳንጃ ነህ? ጎርጎራ ነህ? እንግዲያው ሐኪም ሳታይ አትሂድ።

ወለቃን አስታውሳለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው፣ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት የነበረ፣ የሸክላ ሥራ የሚሸጥበት መንደር። ከጎንደር ዙሪያ ከወጡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። እዚያ ሲደርሱ ሐኪሞች ሰገራቸውን መረመሩ። ብልሃርዚያውም መንጠቆ ትሉም ተገኘ፤ ብዙ ተጽፎበታል። ሰው ሲገባ ወዲያው ስለታየ የተገኘ ነው። አንድ በአንድ፣ በየአውሮፕላኑ፣ በየከተማው ተበትኖ የሚሄደውን ግን እንደዚያ ቆሞ የሚያየው አይኖርም።

በሌላ በኩል እኛም ንጹሕ አይደለንም። በዚህች ከተማ «አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው» ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። በተራ ማይክሮስኮፕ ጎጂው አሜባና ጉዳት የሌለው ዘመዱ አይለዩም። ሆኖም ወረቀቱ ላይ እንጽፋለን፣ ቲኒዳዞል ይታዘዛል። ለዕረፍት የመጣ ዲያስፖራ ሁሉ ደግሞ አንድ እሽግ የትል መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። እዚያ የትል መድኃኒት እሳት ነው፣ እዚህ በጥቂት ብር ይገኛል። ስለዚህ በየሻንጣው ከሽሮ ጋር ይላካል። ሰውየው ዓመት በዓመት ይውጣል፣ አይሻለውም፣ «ታክሜያለሁ» ይላል። ያልተገኘ ትል በስሙ ባልተጠራ መድኃኒት አይሞትም።

የራሴን ደግሞ ልናገር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ በኋላ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ገባ። ከወራት በኋላ አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ሆዱን ያመዋል የሚል ማዘዣ፣ የሰገራ ምርመራ። ዐረብኛ ነው የምትናገር። ሰገራውን አየሁ። የለም ብዬ ሸኘኋት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ እጇን እያወዛወዘች አንድ ነገር ስትደጋግም ነበር። ወረፋ አለብኝ። አልቆምኩም።

በሳምንቱ ተመለሰች። መተማ ያደገ፣ ዐረብኛ የሚያውቅ ባልደረባችን አናገራት። «ሽንቱ ቀይ ነው ነው የምትለው» አለኝ። «ያደገው ገዚራ ነው።»

ገዚራ በሁለቱ ዓባዮች መካከል ያለ ሰፊ የመስኖ እርሻ ነው። ቦዩ ውስጥ የሆድ ብልሃርዚያም የሽንት ብልሃርዚያም አለ። እኛ ጋ የለመድነው የሆዱን ነው። የሽንቱን በሽንት ነው የምታገኘው፣ ያውም እኩለ ቀን አካባቢ፣ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ሽንት። በስድስት ሰዓት አሸናነው፣ ሽንቱን በሴንትሪፊውጅ አዞርነው፣ አየነው። እንቁላሉ እሾሁ ከጎን አይደለም። ከጫፉ ነው። ማይክሮስኮፑ ውስጥ የሚታየው መስክ በእንቁላል ሙሉ ነበር። መድኃኒቱ ያው ፕራዚኳንቴል ነው።

ልጁ አሁን ደኅና ነው። እኔ ግን ያቺን እናት ኮሪደር ላይ ትቻት የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም። የወንድሜን ሐኪም የከሰስኩበትን ጥያቄ እኔም በገዛ ከተማዬ ለአንድ እንግዳ ልጅ አልጠየቅሁትም። አሁን ከጠረጴዛዬ ላይ በአማርኛና በባልደረባዬ እጅ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ «ያደጉት የት ነው? የዋኙበት ውሃ ስሙ ማን ነው?» ወረፋው ትንሽ ይረዝማል። ይርዘም።

ወንድም ጋሼ በመጋቢት ደወለ። ኢዮሲኖፊሉ 7 ሆኗል። ሳሉ ቀርቷል። አስም የሚለውን ሰርዘውለታል።

በሐምሌ ደግሞ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ደንግጬ ተነሳሁ። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ሆኖ ነው። 4 ሆኗል አለኝ። ሌላ ነገርም አለ፤ ሐኪሙ አዲስ ቅጽ ሰጥቶታል። በቤተ ክርስቲያኑ የሚያውቃቸውን ሦስት ሰዎችም ይዟቸው ሄዷል፤ ሁለቱ የደንቢያ ልጆች ናቸው። ቅጹ ላይ በልጅነታችሁ የዋኛችሁበት ወንዝ የሚል ቦታ አለ።

«መገጭን በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የምጽፈው?» አለኝ። «ሦስቱም እኔን እያዩ ነው።»

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ነገርኩት። ኤም፣ ኢ፣ ጂ፣ ኢ፣ ሲ፣ ኤች።